ከወሊድ ፈቃድ በኋላ ልጅ ማን ይይዛል? የአንድ ቤት የሰዓት ስሌት

እንደሚታወቀው በትምህርት ክፍላችን ከምንገኘው የማታ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቻችን ቀን ሥራ ውለን ማታ የምንማር፣ ከዚያም አልፎ ልጅ ያለን ነን። ሆኖም ክፍል ውስጥ ቤተሰብ ስለሚባለው ተቋም ስንወያይ «አንቺ፣ ልጅሽን አሁን ማን ይዞልሽ ነው የመጣሽው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ጥያቄ የሚነሳው በእረፍት ሰዓት ሻይ ቤት ነው፤ እዚያም ቢሆን ሴቶች ብቻ ስንሆን ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ወደዚህ ገጽ ላመጣው ሞክሬያለሁ። መነሻዬ የራሴ ቤት ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ቤት ተነስታ ብዙ ታወራለች የሚለኝ ካለ እቀበላለሁ።

በቅድሚያ ሕጉን ልጥቀስ። የምሠራው በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ስለሆነ እኔን የሚመለከተኝ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ተከታታይ ቀናት ይሰጥ ነበር። አዲሱ አዋጅ የኋለኛውን ወደ 90 አሳድጎታል። ለአባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደሞዝ ጋር ፈቅዷል። (ሦስት ቀን! ባለቤቴ ሁለቱን የጨረሰው ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ነው።)

90 ቀን ሲሉት ብዙ ይመስላል። እስቲ አብረን እንቁጠረው። እኔ የወለድኩት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። ልጄ ከተባለላት ቀን 11 ቀን ቀድማ መጣች። ሕጉ እንደሚለው ከወሊድ በፊት ያለው ፈቃድ ሳያልቅ ከተወለደ የድኅረ ወሊዱ ቆጠራ ወዲያው ይጀምራል እንጂ የቀረው ቀን ከኋላ አይጨመርም። ይህንን ያወቅሁት የሰው ኃይል ክፍል ደውሎ ሥራ የምጀምርበትን ቀን ሲነግረኝ ነው። 11 ቀን አለኝ ብዬ የነበረው ሒሳብ እንዲሁ ቀረ። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ መሸወዴ ያሳፍራል።

ጤና ጣቢያ ለክትባት ስሄድ ደግሞ ነርሷ እስከ 6 ወር ከእናት ጡት በስተቀር ውኃ እንኳ እንዳልሰጣት መከረችኝ። ምክሩ ትክክል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን 6 ወር ማለት 180 ቀን ነው፤ የእኔ ፈቃድ 90 ነው። ክትባቱም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። 14ኛው ሳምንት ሲቆጠር 98ኛው ቀን ላይ ይውላል፤ ማለትም ፈቃዴ ካለቀ ከስምንት ቀን በኋላ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት የግማሽ ቀን ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ «ገና ከመምጣትሽ?» ብሎ አየኝ።

በዚህ ላይ የራሳችን ባህል ቆጠራም አለ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። እናቴ ልታርሰኝ ከደሴ የመጣችው እስከ ክርስትናው ልትቆይ ነበር፤ አባቴ ብቻውን ስለሆነ ከዚያ በላይ መቆየት አትችልም። እንግዲህ 80 ከ90 ሲቀነስ 10 ይቀራል። ልጄን ለሌላ ሰው እጅ ለማስለመድ የነበረኝ ጊዜ ይህ ነው።

አማራጮቼን ያየሁት በእነዚህ ቀናት አካባቢ ነበር። ዘመድ ከአገር ቤት ማምጣት አንዱ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ግን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ተመራቂ እንድትሆን እየተመኘሁ «ነይና ልጅ ያዥልኝ» ማለት አልቻልኩም። የሕፃናት ማቆያም አየሁ። ከሰፈራችን ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያለው ንጹሕ ነው፤ ሞግዚቶቹም ደህና ናቸው። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በታች አይቀበልም። ዕድሜዋ ቢደርስ እንኳ በሩን የሚዘጋው 11፡30 ነው፤ እኔ ሜክሲኮ ካለው ቢሮዬ የምወጣው ደግሞ 11፡30 ነው። ጀሞ የሚኖር ሰው የምለው ይገባዋል፤ የታክሲው ሰልፍ ብቻውን አንድ ሰዓት ይፈጃል።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ጓደኛዬ ግን ልጇን የምታውለው መሥሪያ ቤቷ ምድር ቤት ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ሲወጣ መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። የእሷ መሥሪያ ቤት ያንን ሠራ። ምሳ ሰዓት ላይ ደረጃ ወርዳ ታጠባለች። እኔ በዚያው ሰዓት ምን አደርግ እንደነበር ከታች እናገራለሁ።

የቀረኝ ሠራተኛ መቅጠር ነበር። ደላላው መጀመሪያ ያመጣልኝ ልጅ «18 ዓመቷ ነው» ተባለች፤ ፊቷን ሳየው ግን 13 ቢሞላት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 አድርጎታል። እሱን ትተን እንኳ ልጅ ልጅን እንዴት ይይዛል? መለስኳት። ደላላው ተቆጣና «እንግዲያው ይቆዩ» ብሎኝ ስልኩን ዘጋ። ልጅቷን ወዴት እንደወሰዳት አላውቅም፤ ይህ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

አሁን ያለችው ልጅ የተገኘችው በጎረቤት በኩል ነው። ተያዥ አላት፣ ዕድሜዋ ያኔ 19 ነበር፣ የመጣችው ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ቤታችን የገባችው ልጄ በተወለደች በ78ኛው ቀን ነው። ብልህ ብሆን ኖሮ ያን ቀን ልጄን አቅፋ እንድትቀመጥ አደርግ ነበር። እኔ ግን የክርስትና ድግስ ነበረብኝና ሽንኩርት አስላጥኳት። ቀጥሎም የሁለት ቀን ዕቃ አጠበች። እንግዲህ ከአሥሩ ቀን ሦስቱ በሰሃን አለፉ።

እዚህ ላይ የተማርኩትን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጥ፤ ለሚወልዱ እህቶች ይጠቅም ይሆናል። ማስለመድ ማለት «ያዥያት» ብሎ በር ዘግቶ መሄድ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን እኔ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ እሷ አጠበቻት፣ ልብስ ቀየረችላት። በማግሥቱ ለአንድ ሰዓት ወጣሁ፤ ከዚያም ግማሽ ቀን። ጡጦ ግን እምቢ አለች። እኔ ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች፤ የእናቷ ጠረን እያለ ለምን ጎማ ትጠባለች! ጎረቤት ሄጄ ስቀመጥ ልጅቷ ያለብኩትን ወተት በትንሽ ኩባያ፣ በጠብታ በጠብታ አጠጣቻት። ልጄ ጡጦ ሳትለምድ በኩባያ አደገች። ለመታጠብም ኩባያ ከጡጦ እንደሚቀል ነርሷ ነግራኛለች።

ወተቱስ? በእጅ ማለብ ይቻላል፤ ግን ቦታ ይፈልጋል። መሥሪያ ቤቴ ቦታ የለውም። ስለዚህ መዝገብ ቤት ገብቼ፣ በሩን በፋይል ሣጥን ደግፌ፣ የ2009 ዓ.ም. ደረሰኞች እየተመለከቱኝ አልብ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሲያንኳኳ «ቆይ!» ብዬ የጮህኩትን ጩኸት ቢሮው ሁሉ ሰምቷል። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት ያህል፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። 4፡00 ላይ ያለብኩት ቤት እስክደርስ ይበላሻል። የመጀመሪያውን ሳምንት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እየደፋሁ አለቀስኩ። በኋላ ማታ የላስቲክ ውኃ አስበርዶ ከምሳ ዕቃ ጋር በቦርሳ ጠቅልሎ መያዝ እንደሚቻል አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አሳየችኝ። እሷ ይህን ያወቀችው ሦስት ልጅ አሳድጋ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ለስድስት ሳምንት ሐሙስ ሐሙስ ከቤት እንድሠራ ተፈቀደልኝ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ላፕቶፕ ይዘን ቤት ስለሠራን ነገሩ አዲስ አልነበረም። ያኔ ግን ልጅ አልነበረኝም። ሰዎች «ቤት ከሆንሽማ ልጅሽን እያየሽ ትሠሪያለሽ» ይላሉ። ውሸት ነው። ድምፄን ከሰማች ሞግዚቷ ዘንድ አትቆይም፤ እኔም መኝታ ቤት ተቆልፌ በሹክሹክታ ስልክ አወራለሁ። አንድ ሐሙስ መብራት ጠፋ፣ የወሩ መዝጊያ ሪፖርት ሳይላክ ቀረ፣ ፈቃዱም ቀረ። በበኩሌ ከቤት መሥራት የመንገዱን ሰዓት ያተርፋል እንጂ ሰው አይተካም እላለሁ።

የሰዓቱ ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ልጅ የሚያዝበትን መንገድ ስናስብ ሁላችንም የምናሰላው ገንዘብ ነው፤ የእሷ ደሞዝ ከእኔ ደሞዝ ስንት ያነሳል እያልን። እኔም ያሰላሁት እንዲያ ነበር፤ ሲሶው ይሄዳል፣ ቀሪው ይበቃል ብዬ ተረጋጋሁ። ሰዓቱን ያሰላሁት በኋላ ነው።

ከቤት የምወጣው ጠዋት 12፡30 ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ክፍል ስላለኝ ከ12፡00 እስከ 2፡30 ተምሬ ቤት የምገባው ከምሽቱ 3፡30 ነበር። ይህ በቀን 15 ሰዓት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ 1፡00 ላይ እገባለሁ፤ 12 ሰዓት ተኩል። ቅዳሜ እስከ 6፡30 ሠርቼ 8፡00 ላይ፤ 7 ሰዓት ተኩል። ሲደመር በሳምንት 77 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ ይገባል፤ ግን ያኔ ልጅቷን ከሞግዚቷ እጅ አይወስድም ነበር። እራት ይበላል፣ ዜና ያያል፣ «ተኛች?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔ በሳምንት የምሠራው 44 ሰዓት ነው። አዋጁም ለማንኛውም ሠራተኛ ከ48 ሰዓት በላይ መደበኛ የሥራ ሰዓት አይፈቅድም። ይኸው አዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቶታል፤ የቤት ሠራተኛን ማለት ነው። የእነሱን የሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ስለዚህ እኔን የሚጠብቀኝ አንቀጽ የቤቴ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የእኔ 44 ሰዓት የእሷ 77 ሰዓት ተኩል የሆነው እዚያ ነው፤ ሌሊት ስታለቅስ የምትነሳውን ሳልቆጥር።

ይህን ስሌት የሠራሁት በራሴ ተነሳሽነት አይደለም፤ ምክንያት ነበረው። ነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ ቡና እያፈላች፦

«እትዬ፣ ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለችኝ።

«ንገሪኝ እንጂ።»

«የማታ ትምህርት ምዝገባ ተጀምሯል አሉ። አራተኛን ጨርሼ ነበር ያቋረጥኩት። ቢፈቅዱልኝ...»

ሰዓቱን ጠየቅኋት። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከ11፡30 እስከ 2፡00። እኔ ክፍል ልገባ የምሮጥበት ሰዓት ነው። ምን እንዳልኳት ሳልደብቅ ልናገር፦ «አይ፣ ዘንድሮ እንኳ አይመችም። ልጅቷ ጠንከር ትበል፤ ለከርሞ ትማሪያለሽ።»

«እሺ እትዬ» ብላ ጀበናውን አነሳች። አልተኮሳተረችም። ብትኮሳተር ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል የራሴን የምዝገባ ቅጽ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እሞላ ነበር። ሦስት ኮርስ። እሷ አጠገቤ ልጄን አቅፋ ቆማለች። ቅጹን አየችው፤ ማንበብ ትችላለች። ምንም አላለችም። እኔ ግን «የትምህርት ሰዓት» የሚለው ሣጥን ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ።

አርሊ ሆክሺልድ የተባለችውን አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር ክፍል ውስጥ አይተናታል። በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ዘ ሰከንድ ሺፍት» በተሰኘው መጽሐፏ ሴቶች ከሥራ ሲገቡ ቤት ስለሚጠብቃቸው ሁለተኛ ፈረቃ ጽፋለች። በኋላም የእንክብካቤ ሰንሰለት የሚለውን ሐሳብ አመጣች፤ የድሃ አገር ሴት የሀብታም አገር ልጅ ስታሳድግ የእሷን ልጅ ሌላ ሴት ታሳድጋለች፣ ወደ ታች በተሄደ ቁጥርም ክፍያው እያነሰ ይመጣል ይላል። እኔ ይህን ለፈተና ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። የእኛዋ ልጅ ታላቅ እህት ሪያድ በሰው ቤት ሕፃን ትይዛለች። የእህቷን ልጅ አገር ቤት እናታቸው ታሳድጋለች፤ ያለ ክፍያ። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አውቅ ነበር፤ «እህትሽ ደወለች?» እያልኩ እጠይቃት ነበር። ከደብተሬ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

የዚያን ዕለት ማታ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። መነጋገር ብቻ ሳይሆን ተጨቃጨቅን። «ሠራተኛ ቀጥረን ሠራተኛችን ከተማረች ማን ሠራተኛ ሊሆን ነው?» አለ። «አንተ» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር።

ያገኘነው መላ ይህን ይመስላል። እኛ ካለንበት ፎቅ ፊት ለፊት ጡረታ የወጡ እናት ይኖራሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ከ11፡15 እስከ 12፡45 ልጃችንን እንዲይዙልን ለመንናቸው። ለመያዙ ደስ አላቸው፤ ገንዘብ ሲነሳ ግን «ልጅ አቅፌ ገንዘብ ልቀበል? ምን ሆነሻል አንቺ?» ብለው ተቆጡ። ያለ ክፍያ ደግሞ እኔ አልፈለግሁም፤ በነፃ የተያዘ ልጅ ያመመኝ ዕለት ይቀራል፣ «ለምን ቀሩ?» ማለትም አይቻልም። በመጨረሻ የዕድራቸውን ወርሃዊ መዋጮ እና የቡናና የስኳር ወጪያቸውን እንድንችል ተስማማን። ከ12፡45 ጀምሮ ልጅቷ የባለቤቴ ናት። ገንፎ ማገንፋት ለምዷል፤ የመጀመሪያው ገንፎ ግን ጉልቻ ሊሆን ይችል ነበር። እኔ ደግሞ ከሦስት ኮርስ ወደ ሁለት ወረድኩ። ከእናንተ ጋር የገቡት ሲመረቁ እኔ አንድ ዓመት እዘገያለሁ። ቀላል ነገር አይደለም፤ ባለፈው ሐምሌ የጓደኞቼን ጋዋን ሳይ ውስጤን ከፋው።

ስሌቱን እንደገና ሠራሁት። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 11፡15 በቀን 10 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ በአምስት ቀን 53 ሰዓት ከ45፣ ከቅዳሜው ጋር 61 ሰዓት ከሩብ። አሁንም ከ48 በላይ ነው። እሑድ የራሷ ነው። አንዳንድ ጎረቤቶች «አበላሻችኋት፣ ተምራ ጥላችሁ ትሄዳለች» ይሉናል። ትሄዳለች፤ እኔም ዲግሪዬን ስይዝ አሁን ያለሁበት ቢሮ ለመቆየት አላሰብኩም።

ስንፍናም ቢሆን ልናዘዝ፦ ለአንድ ዓመት ያህል ይህ ሁሉ በቃል ነበር። ባለፈው መስከረም ነው ሰዓቱን በወረቀት ጽፈን ፍሪጅ ላይ የለጠፍነው፤ ማን ከስንት እስከ ስንት፣ የማን ፈተና መቼ እንደሆነ። የእሷ ፈተና ከእኔ ቀጥሎ ተጽፏል። ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ትፈተናለች። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት፤ ክፍልፋይ ሳስረዳት ግን እኔ ራሴ መርሳቴን አየሁ።

ከታኅሣሥ ጀምሮ ያለው አንድ መስመር ባዶ ነው። የእማማ ሴት ልጅ አዳማ ልትወልድ ስለሆነ ሊያርሷት ይሄዳሉ፤ እስከ ክርስትናው አይመለሱም። ባለቤቴ አለቃውን ለምኖ ሰኞና ረቡዕ ቀደም ብሎ እንዲወጣ ተፈቅዶለታል። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ ከ11፡15 እስከ 12፡45 ማን እንደሚይዛት ገና አላወቅንም። ጀሞ አካባቢ የምትኖሩ የትምህርት ክፍላችን ሰዎች፣ የምታውቁት ሰው ካለ ክፍል ስንገናኝ ንገሩኝ። ክፍያ አለው።